የዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ መምህራን በኢትዮጵያ

የዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ መምህራን በኢትዮጵያ በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ውስጥ የመሣሪያ አጨዋወትን፣ የድምፅ ሥልጠናን፣ የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብን፣ ቅንብርንና የሕዝብ ሙዚቃ ጥናትን (ኢትኖሙዚኮሎጂን) የሚያስተምሩ ባለሙያዎች ናቸው። የሙያው ዋና ማዕከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። መምህራኑ ወደ ሙያው የገቡበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። ከውጭ አገር ኮንሰርቫቶሪ ዲግሪ ይዘው የተመለሱ፣ በኦርኬስትራ ውስጥ ያደጉ፣ ከሽማግሌ ባለሙያ ቤት በገና የተማሩ፣ እንዲሁም በሌላ የትምህርት ዘርፍ ጀምረው በኋላ ወደ ሙዚቃ የዞሩ ይገኙበታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

ታሪካዊ መነሻ

በኢትዮጵያ የሙዚቃ መምህርነት ከዩኒቨርሲቲ እጅግ ይቀድማል። ረጅሙን ታሪክ የያዘው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ነው። የዚህ ትምህርት መሠረት በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም እንደኖረ ለሚነገርለት ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶችም የእሱ እንደሆኑ ይታመናል። የዜማ ምልክቶቹን ያደራጁት ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያስረዳል።

የዜማ ተማሪ ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ዝማሬ መዋሥዕትን፣ ቅዳሴንና አቋቋምን ለየብቻቸው ይማራል። ለእያንዳንዱም የታወቀ ማስመስከሪያ ቦታ አለ። ለምሳሌ ድጓ የሚመሰከረው በጋይንት በሚገኘው ቤተልሔም ሲሆን ዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ በዙር አባ ነው። ተማሪው ብዙ ዓመት ደጅ ጠንቶ፣ ቃሉንና ዜማውን በቃሉ ይዞ፣ በመምህሩ ፊት አስመስክሮ ሲያበቃ ራሱ መምህር ይሆናል። ስለዚህ በአገሪቱ የሙዚቃ መምህር ብቃት የሚመዘንበት ሥርዓት ዘመናዊ ዲግሪ ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነበረ ማለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ደግሞ አዝማሪዎች ማሲንቆንና የግጥም ሥራን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከዘመድ ወደ ዘመድ ሲያስተላልፉ ኖረዋል።

በኖታ የሚሰጥ የአውሮፓ ዓይነት የሙዚቃ ትምህርት የገባው በወታደር ማርሽ ባንድ በኩል ነው። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች («አርባ ልጆች») የመንግሥት ነሐስ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሰዋል። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶች፣ እንዲሁም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ለብዙ ሙዚቀኞች ትምህርት ቤት ሆነው አገልግለዋል።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1960ዎቹ በቅዱስ ያሬድ ስም ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ነበሩ። በግንባታውና በመምህራን አቅርቦት የቡልጋሪያ መንግሥት እገዛ አድርጓል። ቀድሞ ራሱን የቻለ የመንግሥት ትምህርት ቤት የነበረው ተቋም በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ። በኋላም ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት እና ከዮፍታሔ ንጉሤ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤት ጋር በእስክንድር ቦጎሲያን ስም በተሰየመው የትዕይንትና የሥነ ጥበባት ኮሌጅ ሥር ሆነ። ይህ ለውጥ የመምህራኑንም አቋም ቀይሯል። የሙዚቃ አሠልጣኝ የነበረው ሰው የዩኒቨርሲቲ መምህር በመሆኑ እንደማንኛውም የዩኒቨርሲቲ መምህር በዲግሪና በምርምር የሚመዘን ሆነ።

መምህራኑ የመጡባቸው መንገዶች

የመምህራኑን የሕይወት ታሪክ በማየት አራት ዋና ዋና መንገዶችን መለየት ይቻላል።

የውጭ ኮንሰርቫቶሪ፦ በአገር ውስጥ የመጀመሪያ ሥልጠና ወስዶ፣ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ፣ ውጭ ተምሮ መመለስ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ዕድሉ ወደ አሜሪካና ወደ ምዕራብ አውሮፓ ሲያደላ በደርግ ዘመን ደግሞ ወደ ቡልጋሪያ፣ ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ሌሎች የሶሻሊስት አገሮች አጋደለ። ስለዚህ መምህሩ የሚያስተምርበት ዘዴና የሚመርጣቸው ሥራዎች ብዙውን ጊዜ የተማረበትን ዘመን ፖለቲካ ያሳያሉ።

ባንድና ኦርኬስትራ፦ በባንድና በቴአትር ቤት ሙዚቃ የተካኑ ባለሙያዎች በትርፍ ሰዓት ወይም በቋሚነት ያስተምራሉ። የእነዚህ ጥንካሬ ልምድ ነው። ቅንብር የሚያስተምሩት ራሳቸው ለዘፋኞች እየጻፉ፣ ልምምድ የሚመሩት ራሳቸው በመድረክ ላይ እየቆሙ ነው።

የባህል መሣሪያ ባለሙያነት፦ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና የሚያስተምር ሰው የተማረው ከሌላ ባለሙያ እግር ሥር ተቀምጦ ነው። ለዚህ ሙያ ውጭ አገር ሄዶ የሚገኝ ዲግሪ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ባለሙያውን ወደ ክፍል በማምጣት፣ በቃልና በጆሮ ይተላለፍ የነበረውን በሥርዓተ ትምህርት እንዲያስቀምጥ ይጠይቀዋል።

ከሌላ ዘርፍ መዞር፦ ምህንድስና፣ ጂኦግራፊ ወይም ግብርና ጀምረው ወደ ሙዚቃ የዞሩ ብዙ ናቸው። ሙዚቃ በወላጆች ዘንድ እንደ አስተማማኝ መተዳደሪያ ባልታየበት ዘመን መጀመሪያ «ቁም ነገር» የተባለውን ትምህርት መያዝ የተለመደ ነበር።

የታወቁ መምህራን

አሸናፊ ከበደ

አሸናፊ ከበደ (1938–1998) የሙዚቃ ደራሲ፣ የኦርኬስትራ መሪ፣ የሕዝብ ሙዚቃ ተመራማሪና ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበሩ። በአዲስ አበባ ተወልደው፣ በአሜሪካ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 ተመረቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን እስከ 1968 መሩ። ከሥራዎቻቸው መካከል «እረኛው ባለ ዋሽንት» እና ለዋሽንት፣ ለቫዮሊንና ኮቶ ለተባለው የጃፓን መሣሪያ የጻፉት «ኮቱሬዢያ» ይታወቃሉ። በሃንጋሪም ኦርኬስትራ መርተዋል። የሃንጋሪን የሕዝብ ሙዚቃ ሰብስቦ ከዘመናዊ ድርሰት ጋር ካገናኘው ከዞልታን ኮዳይ ጋርም ተነጻጽረዋል።

ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሰው በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ሙዚቃ ጥናት የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1971 አገኙ። በኒው ዮርክ ኲንስ ኮሌጅ፣ በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲና በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ስለ ክራር የጻፉት ጥናት በ1977 በ«ኢትኖሙዚኮሎጂ» መጽሔት ወጥቷል፤ በ1982 ደግሞ ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥረ መሠረት መጽሐፍ አሳትመዋል። የሙያ ጉዟቸው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው አገር ውስጥ ተቋም መገንባት ሲሆን ሁለተኛው ያንኑ የአገሩን ሙዚቃ ከውጭ ሆኖ ማጥናት ነው። የሥራ ዘመናቸው ትልቁ ክፍል ያለፈው በውጭ አገር ነው።

ሐሊም ኤል ዳብ

ግብፃዊ ተወላጁ ሐሊም ኤል ዳብ (1921–2017) በካይሮ የግብርና ምህንድስና ተምረዋል። በ1944 በሽቦ መቅረጫ የሠሩት ሥራ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ተብሎ ይቆጠራል። በአሜሪካ ሙዚቃ ከተማሩ በኋላ ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (በአሁኑ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) አስተማሩ። በ1963 ከተለያየ አካባቢ የመጡ የባህል መሣሪያ ተጫዋቾችን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ እያንዳንዳቸው በየአካባቢያቸው ለየብቻ ወይም በትንንሽ ቡድን ይሰሙ ስለነበር በአንድ ላይ ተቀናብረው መቅረባቸው አዲስ ነገር ነበር። ከእሳቸው በኋላ ኦርኬስትራውን አሜሪካዊው የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ጆን ኮ፣ ቀጥሎም ተስፋዬ ለማ መርተውታል። ኤል ዳብ ቆይተው በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲና በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል።

ነርሲስ ናልባንዲያን

የኬቮርክ ናልባንዲያን የወንድም ልጅ የሆኑት ነርሲስ ናልባንዲያን (1915–1977) ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። በኦርኬስትራ መሪነት፣ በመዘምራን አሠልጣኝነትና በአቀናባሪነት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሠርተዋል፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተምረዋል። የኢትዮጵያን ቅኝቶች ለነሐስና ለክር መሣሪያዎች በማቀናበር የታወቁ ናቸው። የእሳቸው ሕይወት የመድረክ ሥራና መምህርነት ያልተለያዩበትን ዘመን ያሳያል።

ዓለሙ አጋ

በ1950 በአዲስ አበባ የተወለዱት ዓለሙ አጋ በገና የተማሩት በልጅነታቸው ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። በዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ግን ጂኦግራፊ ነበር። በ1970ዎቹ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለሰባት ዓመታት በገና አስተማሩ፤ ማስተማሩ በ1980 ተቋረጠ። በገና አሥር አውታር ያለው ትልቅ መሣሪያ ነው። በጾም ወራት ለጸሎትና ለተመስጦ የሚደረደር በመሆኑ ሃይማኖታዊ ሥርዓቶች በጥርጣሬ በሚታዩበት በደርግ ዘመን ለትምህርት ክፍል አልተመቸም። ይሁን እንጂ ዓለሙ አጋ መደርደሩን አልተዉም። ሥራዎቻቸው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 11ኛ ክፍል ታትመው በውጭ አገር ጭምር ታውቀዋል። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በገናን መማር የሚፈልጉ ወጣቶች ሲበዙ እውቀቱ ያልጠፋው እንደ እሳቸው ያሉ ጥቂት ሰዎች በግላቸው ይዘው ስላቆዩት ነው።

ግርማ ይፍራሸዋ

ፒያኖ ተጫዋቹና የሙዚቃ ደራሲው ግርማ ይፍራሸዋ በ1967 በአዲስ አበባ ተወለዱ። መጀመሪያ የለመዱት ክራር ሲሆን ፒያኖን ያገኙት ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ፣ በ16 ዓመታቸው ነው። ይህ ዕድሜ ለፒያኖ ተማሪ ዘግይቷል የሚባል ነው። የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ሶፊያ፣ ቡልጋሪያ ሄዱ። የሶሻሊስት ሥርዓቱ ሲፈርስ ትምህርታቸው ተቋርጦ ለጥቂት ጊዜ በጣሊያን ቆዩ፤ በኋላ በተገኘ እርዳታ ወደ ሶፊያ ተመልሰው አጠናቀቁ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1990ዎቹ አጋማሽ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ማስተማር ጀመሩ። ከዚያም የመድረክ ሥራን መረጡ፤ «ፍቅርና ሰላም» የተባለው አልበማቸው በ2014 ወጥቷል።

ሙላቱ አስታጥቄ

በ1943 በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ብሪታንያ የተላኩት ምህንድስና እንዲማሩ ታስቦ ነበር። በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ከዚያም በቦስተን በርክሊ የተማሩ ሲሆን የበርክሊ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ መሆናቸው ይነገራል። «ኢትዮ ጃዝ» የሚባለው ስልት አባት ናቸው። በ2007–2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ራድክሊፍ ተቋም ባለ ፌሎውሺፕ ሆነው የኢትዮጵያ መሣሪያዎችን በማዘመንና በቅዱስ ያሬድ ላይ የተመሠረተ ኦፔራ በመጻፍ ሠርተዋል። በርክሊ በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። ዋና ሙያቸው መድረክና ቅንብር ቢሆንም ዩኒቨርሲቲ ሙዚቀኛን እንደ ተመራማሪ ሊቀበል እንደሚችል ጥሩ ምሳሌ ናቸው።

ማዕረግና የደረጃ ዕድገት

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመምህራን ማዕረግ ከረዳት ምሩቅ ይጀምርና በረዳት ሌክቸረር፣ በሌክቸረር፣ በረዳት ፕሮፌሰርና በተባባሪ ፕሮፌሰር አልፎ ፕሮፌሰር ላይ ይደርሳል። የመጀመሪያ ዲግሪ በጥሩ ውጤት ያጠናቀቀ ተመራቂ በረዳት ምሩቅነት ተቀጥሮ ሁለተኛ ዲግሪ ሲይዝ ሌክቸረር ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለው ዕድገት በዋናነት በዶክትሬት ዲግሪ፣ በታተመ ምርምር፣ በማስተማር ብቃትና በማኅበረሰብ አገልግሎት ይወሰናል።

ይህ መሰላል ለኬሚስትሪ ወይም ለኢኮኖሚክስ መምህር በቀጥታ ይሠራል። ለሙዚቃ መምህር ግን ጥያቄ ያስነሣል። አንድ ፒያኖ ተጫዋች ለአንድ ኮንሰርት ወራት ሙሉ ይለማመዳል፤ አንድ አቀናባሪ ለአንድ ሥራ ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ይህ ድካም ከታተመ መጣጥፍ ጋር እኩል ይቆጠር ወይስ አይቆጠር የሚለው በብዙ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ሲያከራክር ኖሯል። በአሜሪካና በአውሮፓ በርካታ ተቋማት የመድረክ ሥራን እንደ «የፈጠራ ምርምር» በመቀበል፣ የሙዚቃ አፈጻጸም ዶክትሬት የሚባል የተለየ ዲግሪም በመክፈት መልስ ሰጥተዋል።

የያሬድ ተመራቂዎች ከዩኒቨርሲቲ ውጭም ሰፊ የሥራ መስክ አላቸው። በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተምራሉ፤ በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች ይጫወታሉ፤ በስቱዲዮ ያቀናብራሉ። የግል የሙዚቃ ትምህርት ቤት የከፈቱም አሉ። ለምሳሌ ጃዛምባ የሙዚቃ ትምህርት ቤትን የመሠረቱት አበጋዙ ሺዮታ፣ ሄኖክ ተመስገንና ግሩም መዝሙር በመድረክና በስቱዲዮ የታወቁ ሙዚቀኞች ናቸው። ጎበዝ ተጫዋች በመድረክ የሚያገኘው ገቢና እውቅና ከፍ ሲል በዩኒቨርሲቲ መቆየቱ አጠያያቂ ይሆናል። ማስተማርን ከመድረክ ጋር አጣምሮ መያዝ የተለመደውም ለዚህ ነው።

አዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች

አዳማ (ናዝሬት) ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የከተማዋ ትልቁ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተመሠረተ ሲሆን በኋላ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የአሁኑን ስሙን የያዘው በ2011 ነው። ተልዕኮው ምህንድስናና ሳይንስ ነው። መንግሥት ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስና በሰብዓዊ ጥናት እንዲመደቡ የያዘው ፖሊሲም ለኪነ ጥበብ ትምህርት ክፍሎች መስፋፋት የሚያመች አልነበረም። ስለዚህ ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከባቱ (ዝዋይ) ወይም ከሻሸመኔ ተነሥቶ የሙዚቃ መምህር መሆን የሚፈልግ ወጣት ብዙውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው አዲስ አበባ ላይ ነው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ከትምህርት ውጤት በተጨማሪ የጆሮና የተሰጥኦ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። አስቀድሞ መሣሪያ ነክቶ ለማያውቅ የክልል ከተማ ተማሪ ደግሞ ይህ ፈተና ከባዱ መሰናክል ነው።

አካባቢው ግን በሙዚቃ ድሃ አይደለም። በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር በየዓመቱ ከመስቀል በዓል በኋላ በሚከበረው ኢሬቻ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ በቡድን በቡድን ሆኖ ይዘምራል። በመተሐራና በፈንታሌ ዙሪያ የከረዩ ኦሮሞ፣ ከዝዋይ እስከ ሻሸመኔ ደግሞ የአርሲ ኦሮሞ የራሳቸው የዜማ ሀብት አላቸው። የአርሲ ሴቶች ሲንቄ ይዘው በአቴቴ ሥርዓት የሚያሰሙት ዜማ፣ እንዲሁም ገድልንና ትዝብትን የሚያወሳው ጌረርሳ ከዚህ ውስጥ ይጠቀሳሉ። ሻሸመኔ በበኩሏ ከ1948 ጀምሮ ለአፍሪካ ተወላጆች በተሰጠው መሬት ላይ የሰፈሩት የራስተፈሪያን ማኅበረሰብ በመኖሩ ከሬጌ ሙዚቃ ጋር ስሟ ተያይዞ ይነሣል።

እነዚህ ዜማዎች በዩኒቨርሲቲ የተጠኑት በአብዛኛው በሥነ ቃልና በሥነ ጽሑፍ በኩል ነው። የአዲሱ ቶሌሳ ስለ ጌረርሳ የተጻፈ መጽሐፍ (1999) የሚታወቅ ምሳሌ ነው። ቃሉ ተጽፎ ሲጠና ዜማው፣ የድምፁ አወጣጥና የአዝማቹ ቅብብል ግን ሌላ ዓይነት መምህር ይፈልጋሉ።

የኦሮምኛ ሙዚቃ ታላቅ ሰው ዓሊ ቢራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በድሬዳዋ ተወልዶ፣ በአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ አድጎ፣ ሙያውን በመድረክ ላይ የተማረ አርቲስት ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2010 የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። በኅዳር ወር 2022 ሕይወቱ ያለፈው በአዳማ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለሥራው ዕውቅና የሰጠው ከሥራው በኋላ ሲሆን እሱ የሚያውቀውን በመደበኛ ክፍል የሚያስተምርበት መንገድ ግን በደረጃ መሰላሉ ውስጥ አልተዘጋጀም።

የብቃት ጥያቄ

ከላይ የተጠቀሱት ታሪኮች አንድ የጋራ ጥያቄ ያነሣሉ፦ ሙዚቃን በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ብቁ የሚባለው ማን ነው? የአለቃ ተሰማ እውቀት በዲግሪ የሚለካ አልነበረም፤ ያለ እሳቸው ግን ዓለሙ አጋ፣ ያለ ዓለሙ አጋም የበገና ክፍሉ አይኖሩም ነበር። በሌላ በኩል አሸናፊ ከበደ ኖታ፣ የኦርኬስትራ ቅንብርና የምርምር ዘዴ ባይማሩ የክራር ጥናታቸው በዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ባልታተመ ነበር።

በሌሎች አገሮች ለዚህ የተገኙት መፍትሔዎች የተለያዩ ናቸው። ኤል ዳብም ሆኑ አሸናፊ ባለፉበት የአሜሪካ ሥርዓት፣ በተለይ እንደ ዌስሊያን ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሕንድ፣ የኢንዶኔዥያና የምዕራብ አፍሪካ ባለሙያዎች ዲግሪ ሳይጠየቁ በ«አርቲስትነት» ማዕረግ ያስተምራሉ። ተማሪው ንድፈ ሐሳቡን ከፕሮፌሰሩ፣ እጁን ከባለሙያው ይማራል።

በኢትዮጵያም ጉዳዩ ከደመወዝና ከማዕረግ ያለፈ ነው። የባህል መሣሪያና የቃል ዜማ እውቀት የሚኖረው በሰው ውስጥ ነው። ባለሙያው በሕይወት ሳለ ተማሪ ካላገኘ ቅጂው ቢቀርም አሠራሩ ይጠፋል። የበገና ትምህርት በ1980 ከክፍል ሲወጣ እውቀቱን ያቆዩት ግለሰቦች ነበሩ። የከረዩንና የአርሲን ዜማ የሚያውቁ አዛውንቶች ግን ገና ከመጀመሪያው ወደ ክፍሉ አልገቡም።

በተጨማሪ ይመልከቱ

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት
አሸናፊ ከበደ
ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ
በገና
ጌረርሳ
አዳማ